ስህተቱ በስም መጥቶ በቁጥር ሲመለስ

ባህር ዳር፣ ጣና ዳር ቡና ይዘን ቁጭ ብለናል። ጓደኛዬ ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረው። በሲ ቋንቋ የጻፈው ፕሮግራም «-5» ብሎ ቆሟል። «ዲስኬ ተበላሽቶ ይሆን እንዴ?» አለኝ። ዲስኩ ምንም አልሆነም።

ሊኑክስ ላይ ፕሮግራሞች ዲ-ባስ በሚባለው የመልእክት መለዋወጫ ሲነጋገሩ ስህተት የሚላከው በስም ነው፤ ለምሳሌ መጨረሻው «አክሰስ ዲናይድ» (ፈቃድ ተከልክሏል) የሆነ ረጅም ስም። ሲ ግን የለመደው ቁጥር ነው። ስለዚህ ሲስተምዲ ከተባለው የሊኑክስ ሶፍትዌር ጋር የሚመጣው ኤስዲ-ባስ ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ስሙን ከሰንጠረዥ ፈልጎ ቁጥር ያደርገዋል። «አክሰስ ዲናይድ» 13፣ «ኖ ሜሞሪ» (ሜሞሪ አልቋል) 12 ይሆናል። አንዱ ፕሮግራም ለሌላው ያደረገው ጥሪ ሲከሽፍ ቁጥሩ በኔጌቲቭ ይመለሳል፦ -13።

ግራ የሚያጋባው እዚህ ጋ ነው። ስሙ ሰንጠረዡ ውስጥ ከሌለ ላይብረሪው 5ን ይሰጣል። 5 ደግሞ በሊኑክስ «የግብዓትና ውጤት ስህተት» ማለት ነው፤ ዲስክ ያስጠረጠረውም ይኼው ነው። ጓደኛዬ የራሱን የስህተት ስም ፈጥሮ ነበር። ላይብረሪው ከየት ያውቀዋል? ስሙን ከቁጥር ጋር አያይዞ ራሱ ማስመዝገብ ነበረበት፣ ያውም ጥሪውን በሚያደርገው ፕሮግራም ውስጥ።

ስለዚህ -5 ስታዩ ቁጥሩን አትመኑ፤ መጀመሪያ የስህተቱን ስም አሳትሙ። እኛም እንደዛ አደረግን። ጓደኛዬ ስሙን ከ16 ጋር፣ ማለትም «ተይዟል» ከሚለው ኮድ ጋር አስመዘገበው። ቡናው ሳይቀዘቅዝ ስክሪኑ ላይ -16 ወጣ።