ያለ እሳት የሚጠመቅ የቤት ቢራ እና የወይን ጠጅ ዕቃዎች

ምድጃ ላይ ለሚንተከተክ ውሃም ሆነ ጋን ውስጥ አረፋ ለሚያነሣ ጠላ በአማርኛ የምንጠቀመው ግስ አንድ ነው፤ ሁለቱም «ፈላ» ይባላሉ። ስለሆነም ያለ እሳት የሚጠመቅ ቢራ ሲባል የቀረው መቀቀሉ እንጂ መብላላቱ እንዳልሆነ አስቀድሞ መለየት ይገባል። ጠማቂው በፋብሪካ ተዘጋጅቶ በቆርቆሮ ወይም በከረጢት የታሸገ የብቅል ጭማቂ ይገዛና በውሃ በጥብጦ፣ እርሾ ጨምሮ፣ ከድኖ ያስቀምጠዋል። በእንግሊዝ፣ በአውስትራሊያ፣ በካናዳና በአሜሪካ ወደ ቤት ጠመቃ የሚገቡ ብዙ ሰዎች የሚጀምሩት በዚህ ነው፤ ከእነርሱም መካከል ቀደም ሲል ወይን ጠጅ ሲያዘጋጁ የቆዩና ዕቃው በእጃቸው ያለ ጥቂት አይደሉም።

በተለመደው ጠመቃ የብቅሉ ጭማቂ ሆፕስ ከሚባለው የቢራ ጌሾ ጋር አንድ ሰዓት ያህል ይቀቀላል። የሆፕሱ መራራ አሲዶች በሙቀት ካልተለወጡ በደንብ ስለማይሟሙ ምሬቱ የሚወጣው በዚህ ጊዜ ነው፤ ጀርሞች የሚሞቱት፣ ፕሮቲኑ የሚረጋውና የተቀቀለ በቆሎ የሚመስለው ሽታ በእንፋሎት የሚወጣውም እንዲሁ። በኪት መልክ፣ ማለትም ለቤት ጠማቂ ተዘጋጅቶ ታሽጎ የሚሸጠው ጭማቂ ይህን ሁሉ በፋብሪካ አልፎ፣ ከዚያ ውሃው አየሩ በተመጠጠ ዕቃ (በቫኪዩም) ተተንኖ እንደ ማር የወፈረ ነው። በአውስትራሊያ አዴሌይድ ከተማ ያለው ኩፐርስ የተባለ የቢራ ፋብሪካ የሚሸጠው ቆርቆሮ 1.7 ኪሎ ሲመዝን፣ 1 ኪሎ ስኳር ወይም የብቅል ዱቄት ተጨምሮበት 23 ሊትር ቢራ ይወጣዋል። ሌሎች አምራቾች ደግሞ ሁለት ቆርቆሮ፣ በድምሩ 3 ኪሎ፣ አንድ ላይ አሽገው ስኳር የማያስፈልገው ኪት ያቀርባሉ። በእኔ ግምት የኪት ቢራ ቀጭንና ባዶ ነው የሚለው ስም በዋነኛነት የመጣው ከዚያ 1 ኪሎ ስኳር ነው፤ በስኳሩ ፋንታ የብቅል ዱቄት ያደረገ ሰው ልዩነቱን ከመጀመሪያው ብርጭቆ ይለየዋል።

ሕጉ ቢራንና ወይን ጠጅን ለረጅም ጊዜ እኩል አላያቸውም። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1880 የወጣው በቤት ቢራ የመጥመቂያ ፈቃድ እስከ 1963 ድረስ ቆይቷል። በአሜሪካ የመጠጥ ክልከላው እ.ኤ.አ. በ1933 ሲነሣ ወይን ጠጅን በቤት መሥራት ሲፈቀድ ቢራ ግን ሳይካተት ቀረ፤ ይህ የታረመው ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በጥቅምት 1978 በፈረሙት ሕግ ነው። የወይን ዕቃው ከቢራው ቀድሞ ቤት መግባቱ ስለዚህ አያስደንቅም።

የወይን ዕቃዎቹ በአብዛኛው ለቢራም ያገለግላሉ። ትልቁ ክዳናም ባልዲ፣ ካርቦይ የሚባለው አንገተ ጠባብ የመስታወት ገንቦ፣ ጋዝ እያስወጣ አየር የማያስገባው በውሃ የሚሞላ ኤርሎክ፣ ስኳሩን የሚለካው ሃይድሮሜትር፣ ከዕቃ ወደ ዕቃ መገልበጫው ቱቦ ለሁለቱም አንድ ናቸው። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ጋን በማይገኝበት ቦታ ጠጅ የሚጥሉት በእነዚሁ ነው። የወይን ኪትም የቢራ ኪትም መጠናቸው 23 ሊትር መሆኑ ነገሩን ያቀለዋል፤ ስሕተቱም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። የወይን ካርቦይ ልክ 23 ሊትር ይይዛል፤ ቢራ ግን በሁለተኛው ቀን ወፍራም ቡናማ አረፋ ይደፍቃል። እስከ አንገቱ በተሞላ ካርቦይ ውስጥ ይህ አረፋ የሆፕሱን ሙጫ ተሸክሞ ወደ ኤርሎኩ ይወጣል፣ ቀዳዳውን ይደፍናል፣ መውጫ ያጣው ጋዝም ቡሹን ፈንቅሎ ቢራውን ግድግዳ ላይ ይረጨዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት ቤቱ 30 ሊትር ገደማ የሚይዘው ባልዲ ሊሆን ይገባል።

ንጽሕናን በተመለከተ የአገራችን ጠማቂ ሴቶች ማንም ሊያስተምራቸው አይገባም፤ ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ጢስ የሚታጠነው በከንቱ አይደለም። በኪት ጠመቃ ቀቅሎ ማዳን ስለሌለ ይህ ጥንቃቄ ይብሳል። ወይን ጠማቂው ለማጠቢያ የለመደው የሜታባይሰልፋይት ዱቄት ቀስ ብሎ የሚሠራ በመሆኑ፣ ለቢራ ሳይታጠብ የሚደርቅ የፎስፎሪክ አሲድ ማጽጃ ይመረጣል። በረኪና የተጠቀመ ሰው ግን ደጋግሞ ማለቅለቅ አለበት፤ የክሎሪን ቅሪት ከብቅሉ ጋር ተዋህዶ የመድኃኒት ጣዕም ይሰጣል። በቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪንም ይህንኑ ያደርጋል። ለእርሱ መድኃኒቱ በወይን ጠማቂው መደርደሪያ ላይ ይገኛል፤ ካምደን የሚባለው የሜታባይሰልፋይት ፍሬ ግማሹ ተፈጭቶ ቢጨመር ለ23 ሊትር ውሃ ይበቃል። ቀይ ወይን ለዓመታት የተቀመጠበት ፕላስቲክ ባልዲ ግን ሽታውን ስለማይለቅ ለቢራ ባይውል ይመረጣል።

ሥራው ራሱ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ጭማቂው እንዲላላ ቆርቆሮው ሙቅ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ጥቁሩ ጭማቂ እየተሳበ ባልዲው ውስጥ ይወርዳል፣ ቆርቆሮው በፈላ ውሃ ታጥቦ ያም ይጨመራል፣ ቀሪው በቀዝቃዛ ውሃ እስከ 23 ሊትር ይሞላል። እርሾው የሚጨመረው ድብልቁ ወደ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ ነው። የመለያው ወረቀት አንዳንዴ እስከ 27 ዲግሪ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ከ18 እስከ 21 ባለው የቆየ ቢራ የሙዝና የቀለም ማቅጠኛ ሽታ አይወጣውም። የወይን እርሾ ስላለ ብቻ እርሱን መጠቀም አይመከርም፤ አብዛኛው የወይን እርሾ ማልቶትራዮዝ የተባለውን የብቅል ስኳር ስለማይበላ ቢራው ጣፋጭ ሆኖ ይቀራል።

የንጹሕ ውሃ ልክ 1.000 በሆነበት መለኪያ፣ ሃይድሮሜትሩ ለወይን ከ1.080 በላይ ጀምሮ ከ1.000 በታች ሲወርድ የለመደ ሰው፣ ቢራው ከ1.042 ገደማ ተነሥቶ 1.010 ላይ ሲቆም የታመመ ይመስለዋል፤ ይህ ግን ትክክለኛ መቆሚያው ነው፤ ከ4 በመቶ በላይ አልኮልም ይሰጣል። ከኤርሎኩ አረፋ ይልቅ ሊታመን የሚገባው፣ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ልዩነት ተለክቶ ያልተለወጠ ቁጥር ነው። ወይን ላይ ጋዙን ለማስወጣት የሚደረገው ኃይለኛ ማማሰል እዚህ ላይ አየር አስገብቶ ቢራውን ያበላሸዋል። የመጨረሻ ማረጋጊያ ተብሎ የሚጨመረው የፖታሲየም ሶርቤትም መቅረት አለበት፤ እርሾው ጠርሙስ ውስጥ ገና ሥራ አለውና።

ከወይን ዕቃ ፈጽሞ የማያገለግለው ጠርሙሱና ቡሹ ነው። ወይን ጠጅ ጋዝ ስለሌለው ጠርሙሱ ግፊት እንዲችል አልተሠራም። ቢራው ሲሞላ ግን በ23 ሊትር 150 ግራም ያህል ስኳር ይጨመርበታል፤ እርሾው ይህንን በልቶ በቤት ሙቀት ወደ 2 ባር የሚጠጋ ግፊት ይፈጥራል። የወይን ቡሽ ይህን ሲያገኝ ይወጣል፤ ካልወጣ ደግሞ ጠርሙሱ ይፈነዳል፤ የሚፈነጥረው ስብርባሪም ዓይን ያጠፋል። ቢራው 1.010 ሳይደርስ 1.014 ላይ እያለ ከታሸገ፣ ያ የቀረው ስኳር ግፊቱን በእጥፍ ሊያሳድገው ስለሚችል፣ የቢራ ጠርሙስ እንኳ አይችለውም። ስለሆነም ወፍራም የቢራ ጠርሙስና ቆርኪ፣ ከእርሱም ጋር የቆርኪ መግጠሚያ መግዛት ግድ ነው። የሻምፓኝ ጠርሙስ ብቻ ከዚህ ይወጣል፤ ሻምፓኝ ራሱ 6 ባር ያህል ግፊት ስላለው ጠርሙሱ በቂ ነው። የአውሮፓው ግን 29 ሚሊሜትር ቆርኪ ስለሚፈልግ በተለመደው የ26 ሚሊሜትር መግጠሚያ አይዘጋም።

የታሸጉት ጠርሙሶች ሁለት ሳምንት 20 ዲግሪ አካባቢ ቆመው ይቆዩና ወደ ቀዝቃዛ ቦታ ይዛወራሉ። ከእያንዳንዱ ግርጌ ነጭ አተላ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ሲቀዳ ጠርሙሱ ሳይናወጥ በአንድ ጊዜ ተዘንብሎ፣ የመጨረሻው ጣት ያህል ከአተላው ጋር እንዲቀር ይደረጋል።