«ጠንካራ ፋን አለህ?» እና ሌሎች የካክተስ ቤት ስህተቶች

መጋቢት ሲገባ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። ባሕር ዳር ፀሐዩ ይከራል፤ ግሪንሃውስ ውስጥ ያለው ካክተስ ጎኑ መንጣት ይጀምራል፤ ባለቤቱም ይደውላል። ጥያቄው ሁሌም ያው ነው፤ «ጠንካራ ፋን አለህ?» የቤቱ ስፋት ስንት እንደሆነ አይነግሩኝም። አየር በየት በኩል እንደሚገባማ ጭራሽ አይነሳም። የሚፈለገው ጠንካራ ፋን ብቻ ነው። እንግዲህ በስልክ ስመልስ የኖርኩትን አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

«ፋኑ ጠንካራ ከሆነ ሌላው ራሱ ይስተካከላል»

ደሜን የሚያፈላው ይሄኛው ነው። ፋን አየር አይፈጥርም፤ ያለውን ይገፋል። ማስወጫ ፋን አንድ ሜትር ኩብ አየር ወደ ውጭ ከጣለ፣ በሌላ በኩል አንድ ሜትር ኩብ መግባት አለበት። መግቢያ ከሌለ ፋኑ ይጮኻል፣ መብራት ይቆጥራል፣ ቤቱ እንደጋለ ይውላል።

ሽምብጥ አካባቢ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ጓሯቸው ውስጥ የላስቲክ ቤት አላቸው። በቱቦላሬ የተበየደ፣ ደህና ሥራ ነው። ከአዲስ አበባ ትልቅ ማስወጫ አስመጡና በበሩ በኩል ገጠሙት። ከዚያ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ይሄ ፋን ተበላሽቶ ነው መሰለኝ የመጣው፤ ምንም አይስብም» አሉኝ። ሄድኩ። በሩን ልከፍት ስስበው እምቢ አለኝ። ታግዬ ስከፍተው አየሩ በጎኔ እየፎጨ ገባ። ከውስጥ ቀና ብዬ ሳይ ላስቲኩ በየብረቶቹ መሃል ወደ ውስጥ ሰርጉዷል፤ ጾም የዋለ ሰው ሆድ ይመስላል። ጋሼ ከላስቲኩ ግርጌ ያለውን ክፍተት ሁሉ አይጥ እንዳይገባ ብለው በአፈር ደፍነውታል። ፋኑ ምንም አልሆነም፣ የሚስበው አጥቶ ነው። በሩን ገርበብ አድርጌ ስተወው ላስቲኩ ወዲያው ተመለሰ፤ የፋኑም ጩኸት ለሰስ አለ።

«ታዲያ በሩን ከፍቼ ልተወው?» አሉኝ። አይሆንም። በሩ ያለው ፋኑ አጠገብ ነው። አየሩ በበሩ ገብቶ እዚያው አጠገቡ ባለው ፋን ይወጣል፤ ወደ ኋላ የተደረደሩት ካክተሶች ምንም አያገኙም። መግቢያው ከፋኑ ትይዩ፣ በሌላኛው ጫፍ መከፈት አለበት።

ልኩን ለማወቅ ስሌቱ ከባድ አይደለም። ቤቱ 6 በ4 ሜትር ከሆነና አማካይ ከፍታው 2.5 ሜትር ከሆነ፣ ውስጡ 60 ሜትር ኩብ አየር አለ። ለሙቀት ወራት የተለመደው መመሪያ ይህ አየር በደቂቃ አንድ ጊዜ እንዲቀየር ነው። ስለዚህ በሰዓት 3,600 ሜትር ኩብ ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ወለል አየር ይልቅ ወደ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ እዚያም እዚህም ያንኑ ሜትር ኩብ ይገፋል፤ እዚህ ግን እያንዳንዱ ሜትር ኩብ ተሸክሞ የሚወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። ስለዚህ 3,600ውን ወደ 4,500 ከፍ አድርጉት።

አሁን ወደ መግቢያው። በሰዓት 4,500 ሜትር ኩብ ማለት በሰከንድ 1.25 ሜትር ኩብ ነው። አንድ ሜትር ካሬ መግቢያ ብትከፍቱ አየሩ ሳይታገል ይገባል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር፣ በቃ። ነፍሳት እንዳይገቡ ጥቅጥቅ ያለ መረብ የምትገጥሙ ከሆነ ግን መረቡ ራሱ አየር ይይዛልና ስፋቱን እጥፍ አድርጉት። መረቡን መጥረግም አትርሱ። የካቲትና መጋቢት ላይ የመንገዱ አቧራ ሲደፍነው መግቢያ እንደሌላችሁ ቁጠሩት።

አቅጣጫም ወሳኝ ነው። ከተማችን ያለችው በጣና ደቡባዊ ዳርቻ ነው። ቀን ቀን ነፋሱ በብዛት ከሐይቁ ወደ የብስ ይነፍሳል። ስለዚህ መግቢያውን ወደ ሐይቁ፣ ፋኑን በተቃራኒው አድርጉት። ነፋስን ፊት ለፊት የሚገፋ ፋን ጉልበቱን በከንቱ ይጨርሳል። የጎረቤት ግንብ ነፋሱን ካዞረባችሁ ደግሞ ዕጣን አጭሱ። ማጨሻውን መግቢያው ላይ አስቀምጡና ጭሱን ተከተሉት። ቀጥ ብሎ ወደ ፋኑ ከሄደ ጥሩ ነው። አንድ ጥግ ላይ ቆሞ የሚሽከረከር ከሆነ፣ እዚያ ጥግ ያለው ካክተስ ክረምት ላይ መጀመሪያ የሚበሰብሰው እሱ ነው።

«ፋን ያቀዘቅዛል»

እኛን ያቀዘቅዘናል፤ ላባችን ስለሚተን። ካክተስ ግን ቀን የቆዳውን ቀዳዳዎች ዘግቶ ነው የሚውለው። ውጭው 30 ዲግሪ ከሆነ የዓለም ምርጥ ማስወጫ ቤታችሁን ከ30 በታች አያወርደውም። ሥራው ውስጡ ከውጭው በጣም እንዳይርቅ ማድረግ ነው። በተዘጋ ቤት ውስጥ የጠረጴዛ ፋን ማስቀመጥማ ሙቀቱን ማማሰል ነው።

ይህን ስል ደግሞ ማዘዋወሪያ ፋን፣ ማለትም አየሩን ሳያስወጣ እዚያው ውስጥ የሚያንቀሳቅሰው፣ ጥቅም የለውም ያልኩ የሚመስለው አለ። አላልኩም። ፀሐይ የሚመታው ካክተስ ቆዳው በዙሪያው ካለው አየር በላይ ይግላል፤ የሚንቀሳቀስ አየር ያንን ትርፍ ሙቀት ይወስድለታል። ማዘዋወሪያው አነስ ያለ ይሁን፣ ከተክሎቹ አናት በላይ ይሰቀል፣ አየሩን በቤቱ ርዝመት በአግድም ይግፋ። ከቀጭን ፌስታል ጣት የሚያህል ስፋት ያለው ቅዳጅ ቆርጣችሁ ከካክተሶቹ መሃል አንጠልጥሉ። ቀስ ብሎ ከተወዛወዘ በቂ ነው። ተንሳፍፎ ከቀረ በዝቷል፤ ትንንሾቹን ችግኞች ያደርቅባችኋል።

ሁለት ቴርሞሜትር ግዙ፤ አንዱን ውስጥ፣ አንዱን ውጭ ጥላ ሥር ስቀሉ። የውስጡንም ፀሐይ እንዳይመታው ጋርዱለት። ሁሉም ነገር በሥርዓቱ ተገጥሞ ሳለ ልዩነቱ አሁንም ብዙ ከሆነ ሌላ ፋን አትጨምሩ። ላስቲኩ ላይ የጥላ መረብ ዘርጉ። የገባን ሙቀት ከማስወጣት እንዳይገባ መከልከል ይረክሳል፤ መረብ የመብራት ሂሳብ የለውም።

«ዋቱ ከፍ ካለ አየሩም ብዙ ነው»

ዋት የሚበላውን መብራት ነው የሚነግራችሁ። የምታነቡት በሰዓት ስንት ሜትር ኩብ እንደሚል ነው። ካርቶኑ ላይ በሲኤፍኤም (በደቂቃ ስንት ኪዩቢክ ጫማ ማለት ነው) ከተጻፈ በ1.7 አባዙት። ሁለቱም ካልተጻፈ አትግዙ።

«የመታጠቢያ ቤቱ ፋን ይበቃል»

10 ሴንቲ ሜትሯ የመታጠቢያ ቤት ማስወጫ በሰዓት 100 ሜትር ኩብ ገደማ ነው የምታወጣው። ከ4,500 ጋር አስተያዩት።

«ካክተስ የበረሃ ነው፣ ሙቀት አይጎዳውም»

በረሃ ነፋስ አለው። የላስቲክ ቤት የለውም። ደግሞ ሁሉም የበረሃ አይደሉም፤ አንዲስ ተራሮች ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚበቅሉ አሉ።

«ቁልቋልማ እዚህ ያለ ምንም ፋን ያድጋል»

ያድጋል፤ የአገሩ ልጅ ነዋ። ግን ቁልቋል ካክተስ አይደለም። ስትቆርጡት ነጭ ወተት ያፈሳል፣ ዘሩም ሌላ ነው። ካክተስ ማየት ከፈለጋችሁ በለስን እዩ፤ እሱም ከአሜሪካ ነው የመጣው።

«ክረምት ብርድ ስለሆነ ፋኑ ይጥፋ»

ይህ ደግሞ በየዓመቱ ብዙ ካክተስ የሚገድል ሐሳብ ነው። ሙቀት ካክተስን ያቆስለዋል፤ የሚጨርሰው ግን እርጥበት ነው። አንዲት መንገድ ዳር ችግኝ የምትሸጥ እህታችን ሐምሌ ላይ ዝናቡ እንዳይገባ ብላ ቤቱን ጠርቅማ ዘጋች፤ ለመብራት ሂሳቡም ብላ ፋኑን አጠፋች። ነሐሴ ላይ ጠራችኝ። ክቡ፣ ቢጫ እሾሁ ካክተስ ከላይ ሲታይ ሸጋ ነው። ግርጌውን በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው ጣቴ ሰመጠ፤ ቡናማ ውሃ ወጣ። አጠገቡ ያሉትም እንደዚያው። ላስቲኩ ከውስጥ በኩል በጤዛ ተሸፍኗል፤ ጠብታው በየተራ የሚወርደው ካክተሱ አናት ላይ፣ አዲሱ እድገት በሚወጣበት ቦታ ነው።

«ታዲያ ውጭ ያለው አየርም እርጥብ ነው፣ ምን ይጠቅማል?» አለችኝ። ጥያቄዋ ልክ ነው፤ መልሱም ከብዙ ሻጭ አታገኙትም። ነሐሴ ሌሊት ማስወጫውን ብታስነሱ የሚገባው አየር ከሚወጣው ብዙም አይደርቅም። ስለዚህ ሌሊት የሚሠራው ማዘዋወሪያው ነው፤ አየሩ ከቆመ ጤዛ ይጋገራል፣ ፈንገስም ይመቸዋል። ማስወጫውን ረፋድ ላይ ፀሐይ ብልጭ ስትል አስነሱት። ቤቱ ትንሽ ሲሞቅ እርጥበቱ ከላስቲኩም ከአፈሩም ይነሳል፤ ያኔ ጠርጎ ያወጣዋል። ውሃ ማጠጣቱንም ክረምት ላይ ተዉት። ፋን ተገዝቶ በጎን ካክተሱ በባልዲ ውሃ ሲጠጣ ያየሁበት ቤት አለ።

ከዚሁ ጋር «ተክል ሌሊት ይተኛል፣ ፋን አያስፈልገውም» የሚሉም አሉ። ካክተስ የሚተነፍሰው ሌሊት ነው። ቀን የዘጋውን ቀዳዳ ጨለማ ሲሆን ይከፍትና አየር ያስገባል። ሌሊት አየር ከነፈጋችሁት በሥራ ሰዓቱ ነው የነፈጋችሁት።

«የጣና ነፋስ ይበቃል»

በጋ ላይ፣ ጣሪያውም ጎኑም የሚከፈት ቤት ካላችሁ፣ አዎ ይበቃል። ገንዘባችሁን አታውጡ። ክረምት ላይ ቤቱ ሲዘጋ ግን ጣና ወደ ውስጥ ገብቶ አያራግብላችሁም።

«መብራት ስለሚጠፋ ፋን ዋጋ የለውም»

ፀሐይ የሚያግለውን ቤት በፀሐይ ማራገብ ይቻላል። ለትንሽ የችግኝ ሳጥን ባለ 12 ቮልት የኮምፒውተር ፋንና አንድ ትንሽ ሶላር ይበቃል። ፀሐዩ ሲከር ፋኑም ይበረታል። ለሌሊቱ ባትሪ ጨምሩበት። ለትልቁ ቤት ደግሞ መብራት ሲሄድ በእጅ ተጠቅልሎ የሚከፈት የጎን ላስቲክ አሠሩ።

«የቤት ፋን ከሆነ ምን አለበት?»

ሞተሩ ክፍት ነው። እርጥበቱና አቧራው ገብተው አንድ ክረምት ሳይሞላው ያነቁታል። ሞተሩ ዝግ የሆነ፣ አይፒ 54 ወይም 55 (አቧራና ውሃ የመከላከል ደረጃው ነው) የሚል ጽሑፍ ያለበትን ፈልጉ። ገመዱ መሬት ለመሬት አይሂድ፤ ኧርዝ (የመሬት ሽቦ) ሳይኖረው አይገጠም። 220 ቮልት ነው፣ ወለሉም እርጥብ ነው። ይህን ሥራ ለበያጁ «እግረ መንገድህን ቀጥልልኝ» ብላችሁ አትስጡት፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥሩ።