«ሳጥኑ ፈረንሳይ የሄደው ሊደበቅ ነው» እና ሌሎች የቡና ላይ ወሬዎች

ከአውሮፕላን ጥገና ጡረታ ወጥቼ ጅማ ከገባሁ ወዲህ ለቅሶ ቤት ብቀመጥ፣ ፀጉር ቤት ብገባ፣ ቡና ብጠራ የሚጠብቀኝ ጥያቄ አንድ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ኢቲ 302፣ ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን፣ በ6 ደቂቃ ውስጥ ተከስክሶ 157 ሰው ካለቀ ዓመታት አልፈዋል፤ በዚያ ሳምንት የተወራው ወሬ ግን ዛሬም ከረከቦቱ አልተነሳም።

«ጥቁር ሳጥን ጥቁር ነው።» የበረራውን መረጃና የአብራሪዎቹን ድምፅ የሚቀዳው ይህ ሳጥን ብርቱካናማ ነው።

«ጅማ የሚመጣውም ያው ማክስ ነው።» አንዲት ጎረቤቴ በዚህ ፍርሃት ስንት ጊዜ በአውቶቡስ ተንገላትታለች። እሷ የፈራችው ሁለት ፕሮፔለር የሚሽከረከርለትን ቦምባርዲየር ነው። ከማክስ ጋር የሚያገናኘው ክንፍ ያለው መሆኑ ብቻ ነው።

«በአየር ላይ ሲጨስ ታይቷል፤ ቦምብ ነው።» ጭስ አየን ያሉት ገበሬዎች ዋሹ አልልም። በዚያ ፍጥነት የሚወርድ ነገር ያየ ሰው በቅጽበት ያየውን ነው የተናገረው። በአየር ላይ የፈነዳ አውሮፕላን ስብርባሪው በሰፊው ይበተናል፤ የዚህ አብዛኛው ግን የተቆፈረው ወደ 10 ሜትር ከጠለቀ ጉድጓድ ውስጥ ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ሳጥኖቹ በማግስቱ ተገኙ፤ ወዲያው ወደ ፓሪስ ተላኩ። «አየህ! እውነቱ እንዳይወጣ ነው» ተባለ። ይህንን የሚሉኝ ደግሞ ያልተማሩ ሰዎች ቢሆኑ ባልከፋኝ። ሳጥኑን አንብቦ መረጃውን ለማውጣት መሣሪያና ፕሮግራም ያስፈልጋል። የጀርመን መርማሪዎች እንኳ ለዚህ አዲስ ሞዴል የሚሆን ፕሮግራም የለንም ብለው መልሰዋል። ፈረንሳዮቹ መረጃውን አውጥተው ለኢትዮጵያ መርማሪዎች አስረከቡ፤ የአብራሪዎቹን ድምፅ እኛ አላዳመጥንም ብለው በይፋ ተናገሩ። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ደንብ ምርመራውን የሚመራው አደጋው የደረሰበት አገር ነው።

ፀጉሬን የሚያስተካክልልኝ ልጅ ይህን ሁሉ ሰምቶ፣ «ጋሼ፣ የእኛ ከሆነ ታዲያ ለምን ከእጃችን ወጣ?» አለኝ። አባቱ ቡና ነጋዴ ነው። ለቅምሻ ናሙና ሲልኩ ቡናው የቀማሹ ይሆናል ወይ አልኩት። ሳቀ እንጂ አልመለሰም።

«መጀመሪያ ያሉትንና ኋላ ያሉትን ቀያይረዋል፤ ስለዚህ ዋሽተዋል» የሚለውም የዚሁ ወሬ ወንድም ነው። በመጀመሪያው ቀን የረዳት አብራሪው የበረራ ልምድ 200 ሰዓት ነው ተባለ፤ ሪፖርቱ ሲወጣ 361 ሆነ። ሪፖርቱን ገልጦ ያየ ግን በ737 ዓይነት ላይ ያበረረው 207 ሰዓት እንደሆነ ያገኛል። የመጀመሪያው ቁጥር ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። አደጋ በደረሰ በሰዓታት ውስጥ የሚሰጥ መግለጫ ይስተካከላል። ባይስተካከል ነበር የምጠራጠረው።

«አብራሪዎቹ ልጆች ነበሩ።» ዋና አብራሪው 29 ዓመቱ ነበር፤ 8,122 ሰዓት በሮ ነበር። ከአውሮፕላኑ አፍንጫ ግራና ቀኝ ነፋሱን ተከትላ የምትዞር፣ አውሮፕላኑ ነፋሱን በስንት ዲግሪ አንጋጦ እንደሚገጥም የምትለካ ትንሽ ክንፍ መሰል ብረት አለች። በረዶ እንዳይዛት ስለምትሞቅ ማሞቂያዋን ሳያጠፋ የነካት ይቃጠላል፤ አውራ ጣቴ ምስክር ነው። በዚያን ቀን የግራዋ 74.5 ዲግሪ ስታሳይ የቀኟ 15 አካባቢ ነበረች። ኤምካስ የተባለው፣ አውሮፕላኑ ከልክ በላይ ያንጋጠጠ ሲመስለው አፍንጫውን በራሱ የሚደፋ ሥርዓት የግራዋን ብቻ አምኖ ደጋግሞ ደፋው። ከ5 ወር ባነሰ ጊዜ ቀድሞ ኢንዶኔዥያ ውስጥ 189 ሰው የገደለውም ይኸው ሥርዓት ነው። የሚገርመኝ፣ የአዲስ አበባን መግለጫ በጥርጣሬ የሚያበጥረው ሰው አምራቹ ቦይንግ «አውሮፕላኑ ደህና ነው» ሲል ሳያኝክ መዋጡ ነው።

መጠራጠር የሚፈልግ ሰው መጋቢት 26 የወጣውን የመጀመሪያ ሪፖርት ያንብብ። የዚያን ጊዜዋ የትራንስፖርት ሚኒስትር አብራሪዎቹ የአምራቹን መመሪያ ደጋግመው ተከትለዋል አሉ። ሪፖርቱ ውስጥ ግን የሞተሩ ኃይል አብዛኛውን የበረራ ጊዜ እንዳልተቀነሰ ተጽፏል። ጥያቄ ካለ እዚህ ላይ ነው እንጂ ፓሪስ አይደለም። ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የመጨረሻው ሪፖርት ሲወጣም የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች አልተስማሙም። የእኛዎቹ የግራዋን ብረት ያሳሳታት የኤሌክትሪክ ብልሽት ነው አሉ፤ አሜሪካኖቹ ወፍ ሳትመታት አትቀርም አሉ፤ አሜሪካኖቹም ፈረንሳዮቹም የአብራሪዎቹ ድርጊት በበቂ አልታየም ብለው በየድረ ገጻቸው አወጡ። ሪፖርቱንና ተቃውሞውን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ ይቻላል፤ እኔ ለልጁ አትሜ ሰጥቼዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ስሄድ ወረቀቱ መስተዋቱ ሥር ነበር፤ እስከ አራተኛው ገጽ የፀጉር ብናኝ አለበት። «ወፏን ግን አገኟት ጋሼ?» ሲል ጠየቀኝ። ስዞር፣ «አንገትዎን አያንቀሳቅሱ!» ብሎ ጮኸብኝ።