«ለእኛ አገር አይሆንም» እና ሌሎች የጓሮ ወሬዎች

ጓሮ ያለው ሰው አንድ መደብ ቆስጣ፣ አንድ መደብ ጎመን፣ ዳር ዳሩን ደግሞ ጤና አዳምና በሶብላ አያጣም። ከዚያ ወጣ ብሎ «ብሮኮሊ ልሞክር፣ ዙኩኒ ልትከል» ያለ ዕለት ግን ጎረቤቱም ዘመዱም ምክር ይዞ ከተፍ ነው። ምክሩ አብዛኛውን ጊዜ ከቅንነት ነው። ችግሩ ግማሹ ልክ አለመሆኑ ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን እነሆ።

«የፈረንጅ አትክልት ለእኛ አፈር አይሆንም»

ይህን የሚል ሰው ትናንት እራቱ ምን እንደነበር ቢጠየቅ ደስ ይለኛል። በርበሬው፣ ቲማቲሙ፣ ድንቹ፣ በቆሎው ሁሉ መነሻቸው የአሜሪካ አህጉር ነው። ድንች ወደ አገራችን የገባው በ1858 እ.ኤ.አ. ሺምፐር በሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ እጅ እንደሆነ ይነገራል። በሌላ በኩል ብዙ የአዲስ አበባ ሰው «የዓረብ ምግብ» የሚለው ባምያ ጋምቤላና ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ውስጥ ከጥንት የሚታወቅ ወጥ ነው።

ወሳኙ ነገር የአየሩ ጠባይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ሌሊቱ ይበርዳል። ብሮኮሊ፣ አበባ ጎመን፣ ሰላጣና አተር ይህን ብርድ ይወዱታል። ባምያ፣ ደበርጃንና ስኳር ድንች ግን ኩርምት ብለው ይቀራሉ። እነሱን ሐዋሳ ወይ ድሬዳዋ ያለች እህታችሁ ትትከልላችሁ። እሷ ደግሞ በበጋው ሙቀት ብሮኮሊ እተክላለሁ ብትል ጭንቅላቱ ሳይሞላ ወደ አበባ ይሮጥባታል። አፈሩ ምንም አላጠፋም።

«ዙኩኒው አበባውን አረገፈ፤ ቦታው አልተስማማውም»

ከሁሉ በላይ ሰው ተስፋ የሚያስቆርጠው ይህ ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው። ዙኩኒ የዱባ ዘመድ ነው። አንዱ ተክል ላይ ወንዴ አበባና ሴቴ አበባ ለየብቻ ይወጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ ቀድመው የሚመጡት ወንዴዎቹ ናቸው፤ ለአንድ ቀን ፈክተው ይረግፋሉ። ተክሉ ጤነኛ ነው፣ አትንቀሉት። ጎንበስ ብላችሁ ከአበባው ሥር ያለውን እዩ። ቀጭን ዘንግ ብቻ ከሆነ ወንዴ ነው። ጣት የምታክል ሚጢጢ ዙኩኒ ካለች ሴቴ ናት።

ሴቴዎቹ ከመጡ በኋላም ትንሿ ፍሬ ቢጫ ሆና ከጫፏ የምትበሰብስበት ጊዜ አለ። ይሄኔ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የንብ እጥረት ነው። ግንብና ቆርቆሮ በበዛበት ሰፈር ንብ ከየት ይመጣል? ሥራውን እናንተ ትሠሩታላችሁ። በጠዋት፣ አበባዎቹ ገና ክፍት ሳሉ፣ አንድ ወንዴ አበባ ቁረጡ። ዙሪያውን ያለውን ቢጫ ቅጠል ግንጥል አድርጉና መሃሉ ላይ የቀረችውን ዱቄት ያላትን ዘንግ ሴቴዋ አበባ መሃል ቀባ ቀባ አድርጉ። አበቃ። ከሰዓት በኋላ ከሆነ አትልፉ፣ አበባው ይዘጋል። ከተሳካ ፍሬዋ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞላ ሞላ ስትል ታያላችሁ። አጥር ላይ ሆኖ የሚያይ ጎረቤት ሊስቅ ይችላል፤ ይሳቅ።

ደግሞ ፍሬው «ይተልቅ» ተብሎ አይተውም። ስንዝር ሲሞላ ይቆረጣል። ከዚያ ካለፈ ቆዳው ይጠነክራል፣ ውስጡ ዘር በዘር ይሆናል፤ ተክሉም ጉልበቱን እዚያው ላይ ጨርሶ አዲስ ማፍራቱን ይቀንሳል።

«ብሮኮሊ አንዴ ከተቆረጠ አለቀለት»

ብዙ ሰው ጭንቅላቱን ቆርጦ ግንዱን ይነቅላል። ያሳዝናል። ግንዱ ከተተወ ከየቅጠሉ ብብት ትንንሽ ጭንቅላቶች ያወጣል። ለአንድ ቤተሰብ ለሳምንታት የሚበቃው እሱ ነው።

ሱቅ ያያችሁትን ያህል እስኪተልቅም አትጠብቁ። እንቡጦቹ ጥቅጥቅ ብለው አረንጓዴ ሳሉ ቁረጡ። ቢጫ ነጠብጣብ ካያችሁ ሊፈነዳ ነው፤ ዛሬውኑ ድስት ይግባ። ቅጠሉ እንደ ጎመን ተከትፎ በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ግሩም የጾም ምግብ ይወጣዋል። ጭንቅላቱን ግን እንደ ጎመን እሳት ላይ አታቆዩት። ልጆች «ይሸታል» ብለው የሚሸሹት ሲበዛ የተቀቀለውን ነው፤ እውነታቸውን ነው።

«ስኳር ድንች ያው ስኳር ድንች ነው»

ውስጡ ነጭ የሆነውና ብርቱካናማ የሆነው ለየቅል ናቸው። ብርቱካናማው ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ቤታ ካሮቲን አለው፤ ነጩ ከዚህ የለውም ማለት ይቻላል። በ2016 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማት ከተሰጣቸው አራት ተመራማሪዎች ሦስቱ የተሸለሙት በዚሁ ብርቱካናማ ስኳር ድንች ሥራቸው ነው። ከትንሽ ዘይት ጋር ሲበላ ሰውነት በደንብ ይወስደዋል።

አተካከሉም እንደ ድንች አይደለም። ድንቹን ቆራርጦ የሚቀብር አለ። የሚተከለው ሐረጉ ነው፤ ከጫፉ በኩል 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ተቆርጦ ከግማሽ በላይ አፈር ውስጥ ይገባል።

«የአትክልት ቅጠል ምን ይጎዳል?»

የቀይ ሥር፣ የስኳር ድንችና የዱባ ለጋ ቅጠል ይበላል፤ መጣሉ ብክነት ነው። የድንችና የቲማቲም ቅጠል ግን አይበላም። ጎደሬን በደንብ ሳይበስል የቀመሰ ሰው ጉሮሮውን ያሳክከዋል፣ ስለዚህ በሚገባ ይቀቀል። ቀይ ቦሎቄ የተከላችሁ ደግሞ ዘፍዝፋችሁ፣ ውሃውን ደፍታችሁ፣ ቢያንስ 10 ደቂቃ ፍልቅልቅ ብሎ እንዲፈላ አድርጉና ከዚያ እስኪበስል ቀቅሉት። ለብ ባለ ውሃ ብቻ ማቆየት ጥሬው ቦሎቄ ውስጥ ያለውን መርዝ አያጠፋውም።

«ዘር ምን ይገዛል? ከበላሁት ፍሬ አወጣለሁ»

ለቲማቲም ብዙ ጊዜ ያዋጣል፤ የተዳቀለ ዝርያ ከሆነ ግን ልጁ እናቱን ላይመስል ይችላል። ለዙኩኒ ነገሩ ከበድ ይላል። በአካባቢው ሌላ የቅርብ ዘመዱ ካለ ንብ ያዳቅላቸዋል። ዘንድሮ የምትበሉት ፍሬ ምንም አይሆንም። ለውጡ የሚታየው ከዘሩ በሚበቅለው የሚቀጥለው ተክል ላይ ነው፤ አንዳንዴም መራራ ፍሬ ይዞ ይመጣል። መራራነቱ ኩኩርቢታሲን ከሚባል መርዛማ ንጥረ ነገር ነው፤ በመቀቀል አይጠፋም፣ ሆድ ክፉኛ ያማል። ስለዚህ ራሳችሁ ካወጣችሁት ዘር የበቀለ ዙኩኒ ሲደርስ ወጥ ከመሥራታችሁ በፊት ትንሽ ቁራጭ ጥሬዋን ምላሳችሁ ላይ አድርጉ። ከመረረ ትፉት፣ ተክሉንም ከነሥሩ ንቀሉት።