የክፍት ምንጭ ሶፍትዌርን ወደ ሌላ ፕላትፎርም ማሸጋገር

ለአንድ ዓይነት ኮምፒውተር የተጻፈን ሶፍትዌር በሌላ ዓይነት ኮምፒውተር ላይ እንዲሠራ ማድረግ በባለሙያዎቹ ዘንድ «ፖርት ማድረግ» ይባላል። ከኢንቴል ወደ አርም ፕሮሰሰር ወይም ሊኑክስ ከተባለው ስርዓተ ክወና (ኮምፒውተሩን ከሚመራው ዋና ሶፍትዌር) ኦፕንቢኤስዲ ወደሚባለው መሸጋገር የዚህ ምሳሌ ነው። የሥራው ከባድ ክፍል ብዙ ጊዜ የሚያልቀው ኮዱ ኮምፓይል ከመደረጉ (ማሽኑ ወደሚያስኬደው ቋንቋ ከመተርጎሙ) በፊት፣ በግንባታ ቅንብሩ ላይ ነው።

ዴቪድ ማኬንዚ እ.ኤ.አ. በ1991 ግኑ የተባለውን የነጻ ሶፍትዌር ፕሮጀክት ፕሮግራሞች ሲንከባከብ፣ ተጠቃሚው ሜክፋይል (የግንባታው መመሪያ የሚጻፍበት ፋይል) ውስጥ በእጁ የሚመርጣቸው ቅንብሮች 20 ገደማ ደርሰው ነበር። ይህን ሸክም ለማቅለል የጻፈው ትንሽ ስክሪፕት አድጎ ኦቶኮንፍ ሆነ። ኦቶኮንፍ የሚያዘጋጀው «ኮንፊገር» የተባለ ስክሪፕት በአመዛኙ የስርዓቱን ስም ትቶ ችሎታውን ይጠይቃል። አንድ ፈንክሽን (በስም የሚጠራ ዝግጁ የኮድ ቁራጭ) መኖሩን ለማወቅ «ኮንፍቴስት» የሚባል የጥቂት መስመር ፕሮግራም ይጽፋል፣ ፈንክሽኑን ይጠራል፣ ኮምፓይል አድርጎ ከስርዓቱ ላይብረሪዎች (የዝግጁ ፈንክሽኖች ስብስቦች) ጋር ያገናኛል። ከተሳካ «አለ» ብሎ ይመዘግብና ፕሮግራሙን ያጠፋዋል። የዚህ አካሄድ ጥበብ የሚታየው ዘመን ሲቀየር ነው። ጽሑፍ የሚቀዳው «ስትርልኮፒ» የተባለ ፈንክሽን በኦፕንቢኤስዲ ከ1998 ጀምሮ አለ፤ አብዛኞቹ የሊኑክስ ስርዓቶች ወደሚጠቀሙበት ግኑ ሲ ላይብረሪ የገባው ግን በ2023 ነው። «ሊኑክስ ከሆነ የለም» ብሎ የደመደመ ኮድ በዚያ ዓመት ስህተተኛ ሆነ። ጠይቆ የሚወስነው አንድም መስመር ሳይቀየርለት ትክክል እንደሆነ ቀጠለ።

ችግሩ የሚከረው ፕሮግራሙ የሚገነባበትና የሚሠራበት ማሽን ሲለያዩ ነው። የሙከራው ፕሮግራም ኮምፓይል ቢደረግም በግንባታው ማሽን ላይ ሊሮጥ አይችልም፤ ስለዚህ በመሮጥ ብቻ ከሚታወቁት መልሶች አንዳንዱን ሰው አስቀድሞ መስጠት አለበት። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስተው «ሆስት» የሚለው ቃል ነው፤ ትርጉሙ ፕሮግራሙ ወደፊት የሚሠራበት ማሽን ነው። የሚገነባበት «ቢልድ» ይባላል። ሲሜክ የተባለው ሌላ የግንባታ መሣሪያ ይህን ሁሉ ቱልቼይን በሚባል አንድ ፋይል ያስገልጻል።

ኮንፊገር መሃል ላይ ሲቆም የሚነበበው የሙከራዎቹን ውጤት የሚመዘግብበት «ኮንፊግ ሎግ» የተባለ ፋይል ነው። የፋይሉ መጨረሻ ረጅም የተለዋዋጮች ዝርዝር ስለሆነ ብዙ ጀማሪ እዚያው ተስፋ ይቆርጣል። ወደ ላይ ከፍ ብሎ ለፈለገ ግን የወደቀው ፕሮግራም ከነኮምፓይለሩ (ኮዱን ከሚተረጉመው ፕሮግራም) ቅሬታ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም።

ቅንብር ብቻውን የማይፈታው ነገርም አለ። በሊኑክስ ላይ በሲ የፕሮግራም ቋንቋ «ቻር» የተባለው፣ አንድ ፊደል የሚይዘው የተለዋዋጭ ዓይነት በኢንቴል ፕሮሰሰር አሉታዊ ቁጥር ይይዛል፤ በአርም ግን ከ0 እስከ 255 ብቻ ነው። የፋይልን ማለቂያ የሚያመለክተው -1 በቻር ውስጥ ሲቀመጥ በአርም ላይ 255 ይሆናል፤ -1 እስኪመጣ ፋይሉን እየደጋገመ የሚያነበው ዙርም (ሉፕ) ማብቂያ ያጣል። ቻርን አሉታዊ እንዲይዝ የሚያደርግ የኮምፓይለር አማራጭ አለ፤ ጥፋቱን ግን ይሸፍነዋል እንጂ አያርመውም። ተለዋዋጩን ሰፋ ያለና አሉታዊ ቁጥርም የሚይዝ ዓይነት፣ «ኢንት»፣ ማድረግ በሁለቱም ማሽን ላይ ይሠራል፤ ለውጡም አንዲት ቃል ናት።