ዩፒኤስሲ ምንድን ነው?

ሕንድ ውስጥ አንድ ወጣት «ለዩፒኤስሲ እየተዘጋጀሁ ነው» ካለ ማንም ተጨማሪ ማብራሪያ አይጠይቀውም። ዩፒኤስሲ የአገሪቱን ከፍተኛ የመንግሥት ሠራተኞች በውድድር የሚመርጠው ኮሚሽን (ዩኒየን ፐብሊክ ሰርቪስ ኮሚሽን) ምህጻረ ስም ነው። መሥሪያ ቤቱ በኒው ዴልሂ ይገኛል፤ በ1926 ተመሠረተ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ የአሁኑን ስሙን ያገኘው ደግሞ የሪፐብሊኩ ሕገ መንግሥት በ1950 ሥራ ላይ ሲውል ነው። ኮሚሽኑ ብዙ ፈተናዎችን ያዘጋጃል። ሕዝቡ ስሙን ሲያነሳ የሚያስበው ግን አንዱን ነው፤ የአስተዳደር፣ የፖሊስ፣ የውጭ ጉዳይና የገቢዎች መኮንኖች የሚለዩበትን የሲቪል ሰርቪስ ፈተና። ይህን አልፎ የአስተዳደር አገልግሎቱን የተቀላቀለ ወጣት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለበትን አውራጃ ሊመራ ይችላል።

የፈተናው መነሻ የቅኝ ግዛት ዘመን ነው። እንግሊዞች ሕንድን የሚያስተዳድሩላቸውን ሹማምንት ከ1855 ጀምሮ በውድድር ይመርጡ ነበር፤ ፈተናው የሚሰጠው ግን ለንደን ስለነበረ መወዳደር የፈለገ ሕንዳዊ ባሕር መሻገር ነበረበት። በ1863 የመጀመሪያው ሕንዳዊ ሆኖ የተመረጠው ሳትዬንድራናት ታጎርም ያለፈው በዚሁ መንገድ ነው። በሕንድ ምድር መሰጠት የጀመረው በ1922 ነው።

በ2023 ለፈተናው የተመዘገቡት 1,016,850 ሰዎች ነበሩ። ለመጀመሪያው ዙር የቀረቡት 592,141፣ ወደ ሁለተኛው ያለፉት 14,624፣ ለቃለ መጠይቅ የበቁት 2,855፣ በመጨረሻ የተመረጡት ደግሞ 1,016 ናቸው። ይህን ቁጥር ያየ ተፈታኝ ሁሉ ከሌላው አብልጦ ማንበብ ብቻ የሚያድነው ይመስለዋል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ሦስቱ ዙሮች የሚፈልጉት የተለያየ ችሎታ ነው፤ ይህን ሳይለይ የሚጀመር ዝግጅት ብዙ ዓመት ይበላል።

የመጀመሪያው ዙር ቅድመ ማጣሪያ ነው። በአንድ ቀን ሁለት የፈተና ወረቀቶች ይሰጣሉ። ሁለተኛው አንብቦ መረዳትን፣ ስሌትንና አመክንዮን የሚለካ ሲሆን 33 በመቶ ማምጣት ይበቃል። ዕጣ የሚወስነው የመጀመሪያው ወረቀት ነው፤ ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ ሕገ መንግሥት፣ ኢኮኖሚ፣ አካባቢ፣ ሳይንስና ወቅታዊ ጉዳይ የተቀላቀሉባቸው 100 የምርጫ ጥያቄዎች በሁለት ሰዓት ውስጥ ይሠራሉ። ለትክክለኛ መልስ ሁለት ነጥብ ይሰጣል። የተሳሳተ መልስ የጥያቄውን ነጥብ አንድ ሦስተኛ ያስቀንሳል። ባዶ የተተወ ጥያቄ አያስጨምርም፣ አያስቀንስም።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማስላት ያስፈልጋል። በ2023 በአጠቃላይ ምድብ፣ ማለትም ልዩ ኮታ ለሌላቸው ተፈታኞች፣ የነበረው ማለፊያ ከ200 ነጥብ 75.41 ነበር። ሁሉንም መልሶ 50 ያገኘና 50 የሳተ ተፈታኝ 66.67 ይዞ ይወድቃል። 45 ብቻ ያገኘ፣ 20 የሳተና 35ቱን የተወ ተፈታኝ ግን 76.67 ይዞ ያልፋል። የሚያውቀው ያነሰው ሰው አለፈ፤ የቱን መተው እንዳለበት ስላወቀ። ነገር ግን መተውም ልክ አለው። ከአራቱ ምርጫዎች አንዱንም ማስወገድ ሳይችሉ በዕድል መገመት ሲደጋገም ውጤቱ ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ ሁለቱን አስወግዶ ከቀሩት መገመት ግን በአማካይ በየጥያቄው 0.67 ያህል ነጥብ ያስገኛል። ስለዚህ ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን በሰዓት መሥራትና የተሳሳቱትን «አላውቀውም ነበር»፣ «አውቄው ቸኮልኩ»፣ «ያለ መሠረት ገመትኩ» እያሉ መለየት ሌላ መጽሐፍ ከመጨመር ይበልጣል። ይህን የምለው መጽሐፍን ለማቃለል አይደለም። ከ6ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉት የመንግሥት የመማሪያ መጻሕፍትና የዕለት ጋዜጣ የብዙዎቹ ተፈታኞች መነሻ ናቸው፣ መሆንም አለባቸው።

ከዚህ ዙር የተገኘ ነጥብ በሩን ከፍቶ እዚያው ይቀራል፤ ለመጨረሻው ደረጃ አይቆጠርም። ዋናው ፈተና በጽሑፍ የሚመለሱ ዘጠኝ ወረቀቶች አሉት። ሁለቱ የቋንቋ ሲሆኑ ማለፍ ብቻ ይጠበቃል። የሚቆጠሩት ሰባቱ እያንዳንዳቸው 250 ነጥብ ይይዛሉ፤ አንድ የድርሰት፣ አራት የአጠቃላይ ዕውቀት፣ ሁለት ደግሞ ተፈታኙ ራሱ ከመረጠው የትምህርት ዓይነት። ከአጠቃላይ ዕውቀቱ አንዱ በ2013 የተጨመረው የሥነ ምግባር ወረቀት ነው፤ ሹመኛ በአለቃው ትእዛዝና በሕሊናው መካከል ሲያዝ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚጠይቁ ጉዳዮች ይቀርቡበታል። ከሥነ ምግባሩ በቀር፣ በተለመደው አሠራር አንድ የአጠቃላይ ዕውቀት ወረቀት 20 ጥያቄዎች አሉት፤ ጊዜው ሦስት ሰዓት ነው። ለአንዱ መልስ ዘጠኝ ደቂቃ ይደርሳል ማለት ነው፤ በዚያ ውስጥ አስቦ 150 ወይም 250 ቃላት በእጅ መጻፍ። ሁለት ዓመት ሲያነብ ኖሮ አንድም ሙሉ ወረቀት በሰዓት ጽፎ የማያውቅ ሰው እዚህ ይሰበራል። ከመጀመሪያዎቹ ወራት ጀምሮ በየቀኑ አንድ ሁለት መልስ መጻፍና ለሚያርም ሰው ማሳየት ግድ ነው።

ቃለ መጠይቁ 275 ነጥብ ይይዛል፤ ተፈታኙ በማመልከቻው ላይ ስለሞላው ትውልድ ቦታ፣ ትምህርትና ዝንባሌ ይጠየቃል። ጠቅላላው ድምር 2025 ነው። በ2023 አንደኛ የወጣው ያገኘው 1099 ነበር፤ ግማሹን ትንሽ ያለፈ። የዝግጅቱ ግብ ፍጹምነት ሊሆን እንደማይችል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ማስረጃ የለም።

ዋጋውም መነገር አለበት። በአጠቃላይ ምድብ የሚወዳደር ሰው እስከ 32 ዓመቱ ስድስት ጊዜ መፈተን ይችላል፤ በታሪክ ለተገፉ ማኅበረሰቦች ዕድሜውና ዕድሉ ይሰፋል። አንዱ ዙር ከመጀመሪያው ወረቀት እስከ መጨረሻው ዝርዝር አንድ ዓመት ገደማ ይወስዳል። ስድስት ጊዜ የሞከረ ሰው የወጣትነቱን ዋና ክፍል ሰጥቷል። በዴልሂ ኦልድ ራጂንደር ናጋርና ሙከርጂ ናጋር የተባሉት ሰፈሮች በማሰልጠኛ ተቋማት፣ በኪራይ ክፍሎችና በንባብ ቤቶች የተሞሉት በእነዚህ ወጣቶች ነው። በሐምሌ 2024 ኦልድ ራጂንደር ናጋር ውስጥ የዝናብ ጎርፍ የአንድ ማሰልጠኛ ምድር ቤት ንባብ ክፍል ገብቶ ሦስት ተፈታኞችን ገደለ። ወላጆቻቸው ለትምህርት ብለው የላኳቸው ልጆች ነበሩ፤ ይህ ፈጽሞ መሆን ያልነበረበት ሞት ነው።

ስለዚህ የሚዘጋጅ ሰው ስንት ጊዜ እንደሚሞክር፣ ካልሆነስ በምን ሙያ እንደሚተዳደር ከመጀመሪያው ዓመት ወስኖ ለቤተሰቡ ሊነግር ይገባል እላለሁ። ኮሚሽኑ ራሱ ከ2018 ጀምሮ ቃለ መጠይቅ ደርሰው ያልተመረጡትን፣ ፈቃዳቸውን ጠይቆ፣ መረጃቸውን ለቀጣሪዎች ክፍት ያደርጋል። መልካም ጅምር ነው፤ ግን የሚደርሰው ለጥቂት ሺዎች ብቻ ነው። በቅድመ ማጣሪያው ለቀሩት መቶ ሺዎች ለዓመታት ያነበቡትን ለሌላ ሥራ የሚቆጥርላቸው እስካሁን የለም።