የስም ማውጫ ቋንቋ ምንድን ነው?

እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጸ ባሕሪ ሆኖ ጠረጴዛ ዙሪያ በምናብ ዓለም የሚጫወትበትን ጨዋታ የምትመራው አንተ ነህ እንበል። ተጫዋቾችህ ያላሰብከው መንደር ገቡና በር ላይ የቆመውን ድዋርፍ (የተረት ድንክ) «ስምህ ማነው?» አሉት። አፍህ ላይ የመጣልህን «ግሩምብ» አልክ። ወንድሙ ደግሞ «ኤላሪያን» ሆነ። ጠረጴዛው ዙሪያ ያለ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ የአንድ እናት ልጆች እንዳይደሉ ማንም ያውቃል።

የስም ማውጫ ቋንቋ ለእንዲህ ዓይነቱ ጣጣ ነው። ሙሉ ቋንቋ አይደለም። ጥቂት ድምፆች፣ አንድ ሁለት ሕግና ሃያ የማይሞሉ ቃላት ብቻ ናቸው፤ ሥራቸውም ለሰውና ለቦታ ስም ማውጣት ነው።

የጨዋታ መጽሐፎቹ እዚህ ላይ ብዙም አይረዱህም። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለው የዚህ ዓይነት ጨዋታ ኤልፍኛም ድዋርፍኛም ኦርክኛም አለው (ኤልፍና ኦርክም እንደ ድዋርፍ የተረት ሕዝቦች ናቸው)፣ ግን ገጸ ባሕሪህ ወረቀት ላይ «ድዋርፍኛ ይችላል» ብለህ ትጽፋለህ፣ አለቀ። በነገራችን ላይ፣ በ2014ቱ አምስተኛ እትም ኦርክኛ የሚጻፈው በድዋርፍ ፊደል ነው። ሲፋጁ የኖሩ ሁለት ሕዝቦች በአንድ ፊደል! ማን ከማን ተማረ? ከዚህ ብቻ አንድ ሙሉ ታሪክ ይወጣል።

አንድ እንሥራ። ድምፆቹ ት፣ ግ፣ ዝ፣ ም እና ል ይሁኑ። ስ እና ሽ ጭራሽ የሉም። ቶግ ተራራ፣ ኡል በር፣ ዜም ቀይ ነው። ሕጉ አንድ ነው፦ ገላጩ ከኋላ ይመጣል፣ የአማርኛ ተቃራኒ። ስለዚህ ቶግዜም ቀይ ተራራ፣ ኡልቶግ የተራራ በር ይሆናል። ሁለቱን ስሞች ከነትርጉማቸው ለተጫዋቾችህ ንገራቸው። በሦስተኛው ቀን ካርታው ላይ «ኡልዜም» የሚል ሲያዩ አንዱ «ቀይ በር!» ብሎ ይጮሃል። አንተ ምንም አላልክም።

ትንሽ ገፋ ማድረግ ከፈለግክ «የቀለበቶቹ ጌታ»ን የጻፈው ቶልኪን የድዋርፎቹን ቋንቋ የሠራበት መንገድ አለ። ቃላቱ በሦስት ተነባቢ ላይ ይቆማሉ፦ ከኽ-ዝ-ድ «ኹዝድ» አንድ ድዋርፍ፣ «ኻዛድ» ደግሞ ብዙ ድዋርፎች። ለሌላው አንባቢ እንግዳ ነገር ነው፣ አማርኛ ተናጋሪ ግን ሰበረ፣ ሰባሪ፣ ስብራት እያለ ስላደገ በደመ ነፍስ ይገባዋል።

እውነተኛ ቋንቋስ ብንጠቀም? ይቀላል፣ ቃሉ ተዘጋጅቶ ይጠብቅሃል። ግን ቋንቋውን የሚያውቅ አንድ ተጫዋች ካለ የክፉው ንጉሥ ስም «ማንኪያ» ማለት መሆኑን ይነግርሃል፣ ከዚያ በኋላ ንጉሡን የሚፈራው የለም። የባሰው ደግሞ አለ። በሕይወት ያለ ሕዝብ ቋንቋ ዘራፊ ኦርኮች አፍ ውስጥ ሲገባ ቀልድ መሆኑ ይቀርና ስድብ ይሆናል። እኔ ቃሉን ትቼ የድምፁን ጣዕም ብቻ ብወስድ ይሻለኛል። ቶልኪንም ለአንዱ ኤልፍኛ ከፊንላንድኛ፣ ለሌላው ከዌልስኛ የወሰደው በዋናነት ይህንኑ ነው።

ደግሞ እባካችሁ፣ ለክፉ ዘር ጠንካራ ድምፅ፣ ለደግ ዘር ለስላሳ ድምፅ ማደል ይብቃን። ጥ እና ጭ ለሌላው ጆሮ የጭራቅ ድምፅ ሊመስሉ ይችላሉ። እኛ ግን «ጣፋጭ» የምንለው በእነሱ ነው።

በጨዋታው መሃል አንዱ «በእነሱ ቋንቋ ውሃ ምን ይባላል?» ቢልህ አትደንግጥ። ከመረጥካቸው ድምፆች እዚያው ፈጥረህ ንገረው። ግን ወዲያው ጻፈው፤ አንተ በሳምንቱ ብትረሳው እሱ አይረሳልህም።